የብየዳ ማሽኑን ከመቀየራችሁ በፊት ሰዓት ያዙ

ሥራ ሲደራረብ የሁሉም ሰው ዓይን ማሽኑ ላይ ያርፋል። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ በሩን ለቅዳሜ አደርሳለሁ ብሎ ማክሰኞም ያላደረሰ ባለወርክሾፕ "ይሄ ማሽን ነው ጉድ የሠራኝ" ይላል። እቁቡ ሲወጣለት አዲስ ማሽን ይገዛል። ማሽኑ ያምራል፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ፊቱ ላይ ቁጥር ያበራል። የሚቀጥለው በር ግን አሁንም በቀጠሮው አይደርስም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ከብረት ጋር የሚጣበቅበት ጊዜ ከቀኑ ትንሹ ድርሻ ነው። በኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ በሚያልቀው ዘንግ የሚሠራ በያጅ፣ አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) በርቶለት የሚቆየው ከሥራ ሰዓቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ቀሪው ልኬት ነው፣ መቁረጥ ነው፣ ማቃናት ነው፣ ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት መቀጥቀጥ ነው፣ በግራይንደር ማለስለስ ነው። "ያ ዲስክ የት ገባ?" እያሉ መፈለግም ከሥራ ሰዓቱ ነው የሚቆረጠው።

ስለዚህ ማሽን መቀየር የለባችሁም እያልኩ አይደለም። ብዙ ቤት መቀየር አለበት። ግን ማሽኑ የሚመልሰው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የተገዛ ማሽን ዕዳ ነው።

እስቲ አንድ የላሜራ በር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን በስልክ ሰዓት ይዛችሁ ተኩት። አንድ በያጅና አንድ ረዳት በሩን በ8 ሰዓት፣ ማለትም በ480 ደቂቃ ጨረሱት እንበል። መለካትና መቁረጥ 110 ደቂቃ ወሰደ። በስኳድራ እያቃኑ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መያዝ 90። ብየዳው ራሱ 60። ቅርፊት ማንሳትና በግራይንደር ማለስለስ 120። ማጠፊያና ቁልፍ 60። አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት 40።

አሁን በእጥፍ የሚፈጥን ማሽን ገዛችሁ። 60ው ደቂቃ 30 ሆነ። ከ480 ደቂቃ 30 ቀነሰ፣ ስድስት በመቶ ገደማ ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲሱ ማሽን "ለውጥ የለውም" የሚባለው። ለውጥ አለው፣ ግን የነካው ከቀኑ ትንሿን ቁራጭ ነው።

በዚያው በር ላይ ሌላ ነገር ብናደርግስ? ብረቱን በእጅ ግራይንደር ከመቁረጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ 355 ሚሊሜትር ዲስክ መቁረጫ ማሽን ብንጠቀም፣ ጫፉ ላይም ርዝመት የሚይዝ ማቆሚያ ብንበይድለት፣ ስምንቱን እኩል ቁራጭ ስምንቴ መለካት ይቀራል። 110ው ደቂቃ 60 ቢሆን አይገርምም። የበሩን ፍሬም የሚይዝ፣ ማዕዘኑ አንዴ ተስተካክሎ የተበየደ የሥራ ጠረጴዛ ብንሠራ ደግሞ ማቃናቱ ከ90 ወደ 50 ይወርዳል። ሁለቱ አንድ ላይ 90 ደቂቃ አዳኑ። ጠረጴዛው ከቁርጥራጭ አንግልና ከጓሮ ብረት ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬሙ በትክክል ከተቆረጠ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተት ከጠበበ ኤሌክትሮድ አይባክንም፣ ብረቱም አይበሳም። አራት ሚሊሜትር ክፍተት በኤሌክትሮድ እየሞላ የሚውል በያጅ የዓለምን ምርጥ ማሽን ቢሰጡትም አይፈጥንም።

ከሁሉ ርካሹ ማሻሻያ ደግሞ ራሱን የሚያጨልም የብየዳ ማስክ ነው። እዚህ አገር ስንቱ በያጅ በተራ የፀሐይ መነጽር፣ ወይም ፊቱን ዞር አድርጎ እንደሚበይድ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ ይመስለዋል፣ በማግስቱ ግማሽ ቀን ይቀራል። ይሄም የምርት ኪሳራ ነው። ራሱን የሚያጨልመው ማስክ አርኩ ከመነሳቱ በፊት መጋጠሚያውን ያሳያል፤ አርኩ ሲነሳ ዓይን ሳይጨፈን በፊት ይጨልማል። ኤሌክትሮዱ ከመጋጠሚያው ሁለት ሳንቲሜትር ርቆ "ጠባሳ" አይተውም። እስከ 150 አምፔር ለሚሠራ ሰው የጨለማ ቁጥሩን 10 ወይም 11 ላይ ማድረግ ይበቃል።

ሚግ ምን ይቀይራል?

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። በሰፈሩ ሦስት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው እዚሁ አገር የሚጠቀለለው ባለ ትራንስፎርመር ከባድ ማሽን ነው። ሁለተኛው ኢንቨርተር ነው፤ ሥራው ያው በኤሌክትሮድ ነው፣ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሦስተኛው ሚግ ነው፤ ብዙ ሰው ሲኦቱ የሚለው። ሽቦው ከጥቅል እየተፈታ በቶርቹ፣ ማለትም በእጅ በሚያዘው መበየጃ ውስጥ ራሱ ይመጣል። አርጎን የሚባለው ደግሞ ለስቴንለስና ለአልሙኒየም ነው፤ ንጹህ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ የሆቴል የደረጃ መደገፊያ የማትሠሩ ከሆነ እለፉት።

ሚግ ፈጣን ነው ሲባል ሰው የሚያስበው አርኩን ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን አርኩ ከጠፋ በኋላ ነው። ቅርፊት የለም። ስለዚህ መቀጥቀጥ የለም፣ ብሩሽ ማድረግም ይቀንሳል። ኤሌክትሮድ ለመቀየር መቆም የለም። በምሳሌያችን 120 ደቂቃ የፈጀው ማለስለስ 60 ሊሆን ይችላል። ከብየዳው 30 ጋር 90 ደቂቃ ነው፤ ልክ መቁረጫውና ጠረጴዛው ያዳኑትን ያህል። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። መቁረጫውና ጠረጴዛው ቀድመው ይግቡ የምለው ለዚህ ነው። ሚጉ ከነሱ በኋላ ሲመጣ በሩ ከ8 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል።

ዕቃ በማባከንም ልዩነት አለ። ከአንድ ኪሎ ኤሌክትሮድ ብረቱ ላይ የሚቀረው 600 ግራም አካባቢ ነው። ቀሪው ቅርፊት፣ ፍንጣሪና መሬት ላይ የሚጣለው ቁራጭ ነው። 350 ሚሊሜትር ከሆነው ኤሌክትሮድ 50 ሚሊሜትሩን ከጣላችሁት 14 በመቶው ሄደ። ወርክሾፓችሁን ጥረጉና የተጣለውን ቁራጭ እዩት፤ ጣት የሚያህል ሲጣል ታገኛላችሁ። ከአንድ ኪሎ የሚግ ሽቦ ግን ከ900 ግራም በላይ ሥራው ላይ ይቀራል። 15 ኪሎ ጥቅል ሽቦ የ23 ኪሎ ኤሌክትሮድ ያህል ይሠራል ማለት ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ኪሎን ከኪሎ ጋር አታወዳድሩ።

ለስስ ብረት ደግሞ ሚግ ወደር የለውም። በር፣ መስኮትና አጥር የሚሠራበት አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግድግዳው 1.2 ወይም 1.5 ሚሊሜትር ነው። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ሲበየድ ትንሽ እጅ ከዘገየ ይበሳል፤ ከዚያ ቀዳዳ መድፈን፣ መልሶ መሞረድ ነው። ባለ 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ከ60 እስከ 80 አምፔር ባለው ይሄን ብረት እንደ ልብ ይይዘዋል። ኤሌክትሮድ ላይ የምትቆዩ ከሆነ ግን አንድ ዘዴ አለ። ኢንቨርተር ካላችሁና የምትጠቀሙት ተራው 6013 ኤሌክትሮድ ከሆነ፣ ለስስ ብረት መያዣውን ኔጌቲቭ ላይ፣ የመሬት መቆንጠጫውን ፖዘቲቭ ላይ አድርጉት። ሙቀቱ ወደ ብረቱ ጠልቆ አይገባም፣ መብሳቱ ይቀንሳል። በትራንስፎርመሩ ማሽን ይሄ አይሆንም፤ ኤሲ (ዋልታው በየቅጽበቱ የሚገለባበጥ መብራት) ስለሆነ አቅጣጫ የለውም።

ነፋስና ጋዝ

ሚግን እዚህ አካባቢ የሚፈትነው ነፋስ ነው። ደሴ ላይ ብዙው ብየዳ የሚሠራው ከሱቁ ደጃፍ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ስድስት ሜትር ብረት አያዞርም። ከጦሳ ተራራ በኩል ንፋስ ሲመጣ፣ ከሚጉ ቶርች እየወጣ ብየዳውን ከአየር የሚጠብቀውን ጋዝ ጠራርጎ ይወስደዋል። በሰከንድ ሁለት ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ማለትም ፊት ላይ ለስለስ ብሎ የሚሰማ፣ ይበቃዋል። ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ከላይ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፤ የጊቢ በር ሆኖ ሦስት ወር ሲወዛወዝ ግን ይለቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ መሥራት፣ ወይም በላሜራ ወይም በሸራ ከልሎ መሥራት ነው። ሌላው ጋዝ የማይፈልገውን፣ ሆዱ ውስጥ ዱቄት ያለውን ሽቦ መጠቀም ነው። ይሄኛው ነፋስ ይችላል፤ ግን ቅርፊት አለው፣ ጭሱም ይበዛል፣ በኪሎም ይወደዳል።

እዚህ ላይ በየወርክሾፑ የሚያጋጥም ነገር አለ። ረዳቱ ጋዝ አልባውን ሽቦ ገጥሞ ይሞክራል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሽቦ ይተፋል እንጂ አይነድም።"

"ዋልታውን አዙረኸዋል?"

"የቱን ዋልታ?"

ማሽኑን ከጎኑ ክፈቱት። ከሽቦ መጎተቻው አጠገብ ሁለት ብሎን ያለበት ቦታ አለ፤ አንዱ ፕላስ፣ አንዱ ማይነስ። በጋዝ የሚሠራው ድፍን ሽቦ ቶርቹን ፕላስ ላይ ይፈልጋል። ጋዝ አልባው አብዛኛውን ጊዜ ማይነስ ላይ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይሄ ሳይደረግ "ሽቦው ፎርጂድ ነው" ተብሎ የተመለሰ ጥቅል ስንት እንደሆነ ሻጮቹ ያውቁታል።

ጋዙን በተመለከተ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሲሊንደሩ ሲያልቅ የት ነው የሚሞላው? መልሱ አዲስ አበባ ከሆነ ከደሴ 400 ኪሎሜትር ነው። ያኔ ሁለት ሲሊንደር ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ሲጓዝ አንዱ ይሠራል። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 540 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። 25 ኪሎ የያዘ ሲሊንደር 13,500 ሊትር ነው። በደቂቃ 12 ሊትር ብትለቁ ወደ 19 ሰዓት አርክ ያቆያል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል አርክ ካበራችሁ 12 የሥራ ቀን ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ቀድሞ ካለቀ ቱቦው ያፈሳል፤ በሳሙና አረፋ ፈትሹት። ጋዙን በብዛት ስትለቁት ሬጉላተሩ በረዶ ይይዛል፤ በደሴ ብርድ ይብሳል። ማሞቂያ ያለው ሬጉላተር ግዙ።

መብራቱ ይችላል ወይ?

ይሄ ክፍል ትንሽ ሂሳብ አለው፤ ግን ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

በ120 አምፔር ስትበይዱ አርኩ ላይ 25 ቮልት ገደማ አለ። ሲባዛ 3 ኪሎዋት። ይሄን 3 ኪሎዋት ለማውጣት አሮጌው ትራንስፎርመር ከመስመሩ ወደ 40 አምፔር ሊስብ ይችላል። ከሚስበው ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ከፊሉ ደግሞ መስመሩ ላይ ሥራ ሳይሠራ ይመላለሳል። እናንተ አርክ በነካችሁ ቁጥር የጎረቤት አምፖል የሚጨልመው ለዚህ ነው። ተራ ኢንቨርተር ለዚያው ሥራ 24 አምፔር አካባቢ ይበቃዋል። ፒኤፍሲ የሚባለው፣ ያንን ከንቱ ምልልስ የሚቀንስ ማስተካከያ ያለው ደግሞ 17 ገደማ። ትራንስፎርመሩ ሳትበይዱም እስካልጠፋ ድረስ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ግን አርፎ ሲቆም የሚስበው ኢምንት ነው። የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ልዩነት ወሩ ላይ ይታያል።

ሌላም አለ። የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ የትራንስፎርመሩ ሙቀት አብሮ ይወርዳል። ከጎን ያለው ወፍጮ ቤት ሞተሩን ሲያስነሳ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ብረቱ ይበሳል። ኢንቨርተሩ በተቻለው መጠን ያንኑ አምፔር ይዞ ይቆያል። ለእጅ ምቾት ከማንኛውም ቁልፍ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ኢንቨርተር ግን ሆደ ባሻ ነው። ብዙዎቹ 220 ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 15 በመቶ ይላሉ፤ ዝቅተኛው 187 ነው። አመሻሽ ላይ መስመሩ 195 ሆነ እንበል። ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ 30 ሜትር፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርግታችኋል። በ25 አምፔር ገመዱ ራሱ ከ10 ቮልት በላይ ይበላል። ማሽኑ ጋ የሚደርሰው 184 ነው፤ ቢጫ መብራት ያበራና ይቆማል። ገመዱ 6 ካሬ ቢሆን የሚበላው ከ5 ቮልት በታች ነው፤ 190 ይደርሳል፣ ማሽኑ ይሠራል። ሰውየው ግን ማሽኑን ነው የሚመልሰው። ገመዱ ከቦቢኑ ሳይፈታ ከተሠራበት ደግሞ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ፍቱት።

በሥራው በኩል ያለው ገመድም ያው ነው። እስከ 150 አምፔር ለሚሠራ ማሽን 25 ካሬ የመዳብ ገመድ ያስፈልጋል። የመሬት መቆንጠጫው ዝጎ፣ ወይም በቁራጭ ፌሮ ተተክቶ ያየሁበት ወርክሾፕ ብዙ ነው። እጃችሁን መጋጠሚያው ላይ አድርጉት፤ የሚያቃጥል ከሆነ የከፈላችሁበት ኃይል እዚያ እየነደደ ነው።

ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ከፍታውን አትርሱ። ሞተር በከፍታ አየር ይሳሳበታል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አንድ አራተኛው ይሄዳል። ኮምቦልቻ ሐረጎን ወርዳችሁ 1,850 ገደማ ናት፤ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። 6.5 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ተብሎ የተገዛ ጄኔሬተር ደሴ ላይ 5 አይሞላም። ከላይ ያየነው ተራ ኢንቨርተር ደግሞ በ120 አምፔር ከ5 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለደሴ 8 ኬቪኤ ገደማ አስቡ፤ ወይም ፒኤፍሲ ያለውን ማሽን ግዙ።

"300" የተጻፈበት ሁሉ 300 አይደለም

ገበያ ውስጥ ሳጥኑ ላይ በትልቁ 300 ወይም 400 የተጻፈበት፣ ክብደቱ አምስት ኪሎ የማይሞላ ማሽን ሞልቷል። ሻጩ "400 አምፔር ነው፣ ምንም አይበግረውም" ይላችኋል። ማሽኑን ገልብጣችሁ ከኋላው ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

ለኤሌክትሮድ ብየዳ መለኪያው እንዲህ ነው፦ አምፔሩን በ0.04 አባዙና 20 ጨምሩበት፤ ቮልቱን ይሰጣችኋል። ለ300 አምፔር 32 ቮልት ነው። 300 በ32 ሲባዛ 9,600 ዋት። የሚባክነው ሲታከልበት ማሽኑ ከ11 ኪሎዋት በላይ መሳብ አለበት። ያ በ220 ቮልት ቢያንስ 51 አምፔር ነው። አሁን ሰሌዳው ላይ የግቤት አምፔሩን እዩ። 28 ይላል? ሶኬቱስ ተራ የቤት ሶኬት ነው? እንግዲያው ያ ማሽን 300 ሊያወጣ አይችልም። በደህናው 150 ወይም 160 ነው። መጥፎ ማሽን ነው ማለት አይደለም፤ ለበርና ለመስኮት 160 ይተርፋል። የ160ን ማሽን በ300 ዋጋ አትግዙ ነው።

ሁለተኛው የሚነበብ ነገር ዲዩቲ ሳይክል ነው። 60 በመቶ በ160 አምፔር ማለት፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱን በ160 መበየድ ይችላል፣ አራቱን ማረፍ አለበት ማለት ነው። 20 በመቶ ከሆነ ሁለት ደቂቃ በይዶ ስምንት ደቂቃ ያርፋል። በዝቅተኛ አምፔር ሲሠራ ዕረፍቱ ያጥራል። በር ለሚሠራ ሰው ይሄ ብዙ አያስጨንቅም፤ በያጁ ራሱ ለማቃናት ይቆማልና። ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ሻሲና ተሳቢ ለሚጠግን ግን ወሳኝ ነው።

ኮምቦልቻ በዚህ ከደሴ ይለያል። ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ በሚሌ ወደ ጂቡቲ የሚወጣው ከባድ መኪና ያልፋል። ወፍራም ብረት የሚመጣው ወደዚያ ነው። ለሻሲ 6013 አይበቃም፤ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ነው የሚፈለገው። 7018 በአሮጌው ትራንስፎርመር አብዛኛውን ጊዜ አርኩን አይዝም፤ ዲሲ፣ ማለትም ዋልታው የማይገለባበጥ መብራት ይፈልጋል። እርጥበትም አይወድም። ፓኬቱ ተከፍቶ ክረምቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ የከረመ 7018 ብየዳው ውስጥ ስንጥቅ ያስገባል፤ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ መድረቅ አለበት። የመኪና ሥራ ላይ ደግሞ ከመበየድ በፊት ባትሪው ይነቀል። የመሬት መቆንጠጫው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ከኋላ አክስል ላይ አስሮ ከፊት ሻሲ መበየድ ኩሽኔታውን በአርክ መብላት ነው፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። አንድ የተቃጠለ ኮምፒውተር የስንት ወር ትርፍ እንደሚወስድ አስቡት።

የኢንቨርተር ገዳይ

"ኢንቨርተር አይበረክትም" የሚለውን ወሬ ሁሉም ሰምቷል። ወሬው መሠረት አለው። ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ግራይንደሩ ነው። ማሽኑ ቬንትሌተር አለው፤ አየር ይስባል። አጠገቡ ግራይንደር ሲሠራ የብረት ብናኙን አብሮ ይስበዋል። ብናኙ ቦርዱ ላይ ይጋገራል። ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥብ ቀን ይመጣል፣ ጧ! ይላል፣ አለቀ።

ስለዚህ ማሽኑን ከግራይንደሩ ብልጭታ አቅጣጫ አርቁ፣ ከመሬትም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በየወሩ ነቅላችሁ በደረቅ ኮምፕረሰር አየር አስነፉት፤ ከቅርብ በኃይል ሳይሆን ራቅ ብላችሁ። ጎሚስታ ጎረቤት ካለ እሱው ጋ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

አሮጌውን ትራንስፎርመር አትሽጡት። ቢቃጠል እዚሁ ይጠቀለላል። አዲሱ ሲታመም ሥራ እንዳይቆም ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ስለ ጭሱም ጣል ላድርግ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል። ወተት መጠጣት ይሄን አያስቀረውም። ጥሩ ምግብ ነው፣ ሳንባ ግን አያጥብም። የሚበየደውን ቦታ ዚንኩን መጀመሪያ በግራይንደር አንሱት፣ ጭሱ ከፊታችሁ እንዲሸሽ ቁሙ፣ አፍንጫ ላይ ለጭስ የተሠራ መሸፈኛ አድርጉ።

ገንዘቡስ?

ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሲጽፉት ይደርቃል፤ ስለዚህ ብር አልጠራም። አስተሳሰቡ ግን አይቀየርም። ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት ያድናል? ያ ሰዓት በሌላ ሥራ ይሞላል ወይ? ትዕዛዝ ተሰልፎ እየጠበቀ ከሆነ የዳነ ሰዓት ገንዘብ ነው። ትዕዛዝ ከሌለ የዳነ ሰዓት ሻይ ቤት ነው የሚያልቀው። ግንባታ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ገዝቶ መስከረም ላይ ለመድረስ መለማመድ አንድ ነገር ነው፤ ክረምቱን በማሽን ብድር ወለድ ማሳለፍ ሌላ።

የእጅ ገንዘብ ለሌለው የካፒታል ዕቃ ሊዝ አለ። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ በዚህ ሥራ ላይ ነው። አሠራሩ፣ ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ቅድሚያ መዋጮ ከፍላችሁ ቀሪውን በየጊዜው ትከፍላላችሁ፤ ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ማሽኑ የነሱ ነው። ለአንድ ትንሽ ኢንቨርተር የወረቀቱ ልፋት ላያዋጣ ይችላል። ሚግ፣ መቁረጫና ኮምፕረሰር አንድ ላይ ለሚፈልግ ግን ሄዶ መጠየቁ አይከፋም። በያጁ ሚግ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ይሞክረው። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ፣ ኮምቦልቻም ፖሊቴክኒክ አለ፤ አጭር ሥልጠና ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቁ። ለዓመታት በኤሌክትሮድ የለመደ እጅ ሚግ ላይ መጀመሪያ ይቸኩላል፤ ላዩ የሚያምር፣ ሥሩ ያልያዘ ብየዳ ይሠራል። ሁለት ቁራጭ አጣብቆ በመዶሻ መስበር ነው መፈተኛው።

ስትገዙ የራሳችሁን ብረትና የራሳችሁን ኤሌክትሮድ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ በር ላይ አስበይዱት። ሁለት ሰከንድ ብልጭ አድርጎ "አየህ" የሚል ሙከራ ሙከራ አይደለም። ሰሌዳው በሚለው አምፔር፣ ሰሌዳው የሚለውን ደቂቃ ያህል ይሥራ። የሙቀት መብራቱ ያለጊዜው ከበራ ሰሌዳው ዋሽቷል። ለሚግ ከሆነ የቶርቹ ጫፍና የሽቦ መጎተቻው ጎማ መለዋወጫ እዚያው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ በየጊዜው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ቦርዱን የሚጠግን ሰው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ማን እንደሆነ ስልኩን ያዙ። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፤ ዋስትና የሚጠየቀው በሱ ነው።